ድኝ የጎደለው

ከቡረይሚ ዳር ነው፣ ሽቦው ከሚያልፍበት፣
ከግመል ክሊኒኩ ጓሮ ያለ አንድ ቤት፤
ስም የለውም በሩ፣ ቁጥር ብቻ አለበት።
እኔ ረውዳ ነኝ፣ የሌሊት አጣቢ፣
የቱቦ፣ የብልቃጥ፣ የጠርሙስ ሰብሳቢ።
ወረቀቴ ላይ ግን «የቤት ሠራተኛ» ይላል፤
ደሴ የተማርኩት ኬሚስትሪ የት ይጻፋል?
ክሊኒኩም የሸይኹ፣ ቤቱም የሸይኹ ነው፤
ቀን እዚያ፣ ማታ እዚህ፣ ደሞዜ ግን አንድ ነው።

ዶክተር ሙዘሚል፣ ከከሰላ የመጣ፣
ሻዩን በስኳር ላይ ስኳር አድርጎ እየጠጣ፣
እርሳሱን ከጆሮው ከኋላው አውጥቶ
ግድግዳው ላይ ሣለ፣ ጥያቄዬን ሰምቶ፦
«ስሙን ያዥው» አለኝ፣ «ዛንቲን ኦክሲዴዝ፤
ፒዩሪንን ኦክስጅን በግድ የሚያስይዝ።
ሴል ሲያረጅ፣ ሲፈርስ፣ ከፍርስራሹ ላይ
አንዴ ነክሶ አይተውም፣ ይደግማል ሳይቆይ፤
የመጨረሻው ጉርሻ ዩሪክ አሲድ ነው።»
ብረት አለው፣ ድኝ፣ ቢጫ ቫይታሚን፣
ከሞሊብዲነምም አንዲት ቅንጣቲቱን፤
ሲጣራ መልኩ የዝገት ውሃ ነው።

ሐሙስ የበረዶ ሣጥን ከቄራ ገባ፣
ጉበት፣ ቀጭን አንጀት፣ ልብ፣ ኩላሊት፣ ሳንባ፤
ፈጨሁ፣ አጠለልኩ፣ ለማሽኑ ሰጠሁ።
የላም ጉበት ደመቀ፣ ከሁሉም በተለይ፤
አንጀቷም ተከተለ ብዙም ሳይዘገይ።
ጡንቻ ጥቂት ብቻ። አንጎል እንደ ምንም።
የአይጥ ከፍየል፣ የፍየል ከሰው አይገጥም፤
አጥቢ ሁሉ አለው፣ ልኩ ግን አንድ አይደለም።
የላም ወተትማ ጉድ ነው፤ የቅቤው ጠብታ
ለብሶት ይመጣል እንደ ስስ ኩታ።

የግመሏን ከማዶ፣ ከአል ዓይን፣ ቢጁ አመጣው፤
ኬላው ላይ ፓስፖርቱን በጥርሱ ነው የያዘው፣
ሁለት እጁን ጣሳው ስለወሰደበት።
«ጋዛላ ትባላለች» አለን፣ «እናቲት፤
ግልገሏ ካልቀረበ አትሰጥም ጠብ እንኳ ወተት።»
ወተቷን ወደ ማሽን ባስገባሁ በተራው
መስመሩ ተጋደመ እንደ በረሃው።
«የለም ማለት ነው?» ስል፣ «አለ» አለ እጁን አንስቶ፤
«ክብደቱም መልኩም ልክ፤ ግን ቆሟል ተኝቶ።
አንዲት የድኝ አቶም ከቦታዋ ጠፍታ፣
እጅ እግሩ ሳይጎድል ይኸው ሥራ ፈታ።»

ምንም አልመለስኩም። ብልቃጥ ማጠብ ቀጠልኩ፤
አንዱን ግን ሳላየው ሦስት ጊዜ አጠብኩ።

ሸይኽ ኸልፋን ቀን ላይ ሳሎን ተጋድመው
ጉበት ጥብስ ያዛሉ፣ ሐኪም ከልክሏቸው፤
ሪህ ነው። ዩሪኩ አውራ ጣት ውስጥ መርፌ ሆኖባቸው
አንሶላ ሲነካቸው ይጮኻሉ ምርር ብለው።
ግመሎቻቸው ግን ይህን መች አወቁ፤
ዩሪኩን በጉበት አልፈው አደቀቁ።
የሰው ልጅ ነው፣ ከነጎሬላው፣ ያን ወፍጮ የጣለው፣
በጥንት መንገድ ላይ፣ እንጃ ምን ከብዶት ነው።
በሞቀ ውሃ ነጩን ክኒን እሰጣለሁ፤
የኢንዛይሙን አፍ በቀን እዘጋለሁ።
ማታ ላነቃው እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ሌሊት ነው። ድኝ ያዘለ ጨው
ቆንጥረን ጨመርን፤ የገለማ እንቁላል ሽታ ነው ቤቱን የሞላው።
ዶክተሩ ደጅ ወጣ፣ በክንዱ አፉን ይዞ።
እኔ ቀረሁ። መስመሩም ቆየ ደንዝዞ፤
ቆየ...
ከዚያ ጫፉ፣ ቅንድቡን እንዳነሳ ሰው፣
ትንሽ ቀና አለ። ትንሽ ነው። ግን አየሁት።
ደብተሩ ላይ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን ጻፍኩት፤
«ማን ሠራው» ከሚለው ሥር ባዶውን ተውኩት።

ጎህ ሲቀድ እመቤቲቱ በር ላይ ቆማ
«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች ተቆጥታ።
«ድኝ» አልኳት። እጄን ታጠብኩ። ቆጠርኩ፦
አንድ ክኒን ለጠዋት፣ አንድ ለማታ።